የኩርድ ቤተሰብ ታሪክ፣ ኩርድ ያልሆኑ ተዋንያን፦ የ«ማይ ስሞል ላንድ» ጉዳይ

በፌብሩዋሪ 2022 «ማይ ስሞል ላንድ» የተባለ የጃፓን ድራማ በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ታየ። የቀረበው ስለ ልጆችና ወጣቶች የሚያወሩ ፊልሞች በሚታዩበት ክፍል ነበር። ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል የፊልም ሽልማት ዳኞች ልዩ ምስጋና አገኘ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ጃፓን ውስጥ ሲኒማ ቤት ገባ። (ቀኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፊልሙ ቶክዮ አጠገብ ስለሚኖር አንድ የኩርድ ስደተኛ ቤተሰብ ነው። ኩርዶች በቱርክ፣ በኢራን፣ በኢራቅና በሶርያ ተከፋፍለው የሚኖሩ፣ የራሳቸው አገር የሌላቸው ሕዝብ ናቸው። ቤተሰቡን የተጫወቱት ግን ኩርዶች አይደሉም። ይህን ብቻ የሰማ ሰው «ያው የተለመደው ነገር ነው» ቢል አልፈርድበትም። የአንዱን ሕዝብ ታሪክ ሌላ ሰው ተጫወተው፣ አለቀ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ስለ ውክልና ስንከራከር ጣታችንን የምንቀስረው ዳይሬክተሩና ፕሮዲዩሰሩ ላይ ነው። እዚህ ግን ማን ካሜራ ፊት መቆም እንደሚችል በአብዛኛው የወሰነው የኢሚግሬሽን ሕጉ ነው። እኔን የያዘኝም ይኸው ነው።

ከወንዙ ማዶ

ከቶክዮ በስተሰሜን አራካዋ የሚባል ሰፊ ወንዝ አለ። ድልድዩን ሲሻገሩ ሳይታማ የሚባል ክፍለ ሀገር ይገባሉ። እዚያ ካዋጉቺ እና ዋራቢ የሚባሉ ጎረቤት ከተሞች አሉ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከቱርክ የመጡ ኩርዶች የሰፈሩት በብዛት በእነዚህ ከተሞች ነው። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ቁጥራቸው ወደ 2,000 እንደሚጠጋ ይነገር ነበር። የቱርክ ዜጋ ለአጭር ጊዜ ወደ ጃፓን ሲሄድ ቪዛ አያስፈልገውም። መግባቱ ቀላል ነው፣ ጭንቁ መቆየቱ ላይ ነው። ብዙዎቹ ወንዶች አሮጌ ሕንፃ በማፍረስ ሥራ ይተዳደራሉ። ጃፓናውያን ወጣቶች የማይፈልጉት፣ አቧራና አደጋ የበዛበት ሥራ ነው።

በ2021 ጃፓን ውስጥ 2,413 ሰዎች የስደተኝነት ማመልከቻ አስገቡ። በዚያ ዓመት ስደተኛ ተብለው የታወቁት 74 ሰዎች ናቸው። ይህ ራሱ እስከዚያ ድረስ ከነበሩት ዓመታት ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነበር። ፊልሙ ሲኒማ ቤት በገባበት ቀን ከቱርክ ከመጡት ኩርዶች መካከል ጃፓን ስደተኛ ብላ ያወቀችው አንድም ሰው አልነበረም።

ፊልሙ በወጣበት ጊዜ የነበረው አሠራር እንዲህ ነው፦ ማመልከቻው ውድቅ የሆነበት ሰው ሁልጊዜ ወዲያው አይታሰርም። «በጊዜያዊነት ተለቀሃል» ይባላል። አገር ውስጥ መቆየት ይችላል። መሥራት ግን አይችልም። የጤና መድን የለውም። ከሚኖርበት ክፍለ ሀገር ያለ ፈቃድ መውጣት አይችልም። በየጊዜው እየሄደ ሪፖርት ያደርጋል፤ በዚያ ቀን ሊታሰርም ይችላል። ሳዑዲ ወይም ቤይሩት ወረቀቱ አልቆበት የኖረ አንባቢ ይህን ኑሮ ማስረዳት አያስፈልገውም። በር በተንኳኳ ቁጥር መደንገጥ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሳርያ

ባለታሪኳ ሳርያ 17 ዓመቷ ነው። ከአባቷ ከማዝሉም፣ ከእህቷ ከአሪንና ከትንሽ ወንድሟ ከሮቢን ጋር ካዋጉቺ ትኖራለች። ቤተሰቦቿ ይዘዋት የመጡት ገና ልጅ ሳለች ነው። ጃፓንኛዋ እዚያው እንደተወለዱት ልጆች ነው። አስተማሪ መሆን ትፈልጋለች። ለዩኒቨርሲቲ ብር ለማጠራቀም ወንዙን ተሻግራ ቶክዮ ውስጥ በአንድ ትንሽ ሱቅ ትሠራለች። እዚያ ሶታ ከሚባል ጃፓናዊ ልጅ ጋር ይግባባሉ።

ለክፍል ጓደኞቿ የነገረቻቸው ጀርመናዊ መሆኗን ነው። ኩርድ ነኝ ብትል ጥያቄው አያልቅም። ኩርድ የት ነው? አገሩ ስሙ ማን ነው? ካርታ ላይ አሳዪን! ጀርመን ስትል ግን ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

በሰፈር ደግሞ ሌላ ሥራ አለባት። ጃፓንኛ ማንበብና መጻፍ የምትችል እሷ ስለሆነች የትልልቆቹ ሰዎች ወረቀት ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ታስተረጉማለች፣ ቅጽ ትሞላለች። ይህን ክፍል ሳይ ዋሽንግተንና ፍራንክፈርት ያሉ የእኛ ሰዎች ልጆች ትዝ አሉኝ። ሐኪሙ ለእናት የሚናገረውን ከባድ ነገር በአሥር ዓመታቸው የሚያስተረጉሙ ልጆች አሉ። ፊልሙ ይህን ሸክም አይቶታል። ሳርያ ጎበዝ ልጅ ናት ብሎ አጨብጭቦላት ብቻ አያልፍም፤ ድካሟንም ያሳያል።

ከዚያ የአባቷ የጥገኝነት ጥያቄ ውድቅ ይሆናል። የመላው ቤተሰብ የመኖሪያ ፈቃድ በአንድ ቀን ይሰረዛል። ሥራ ክልክል ነው። ከሳይታማ መውጣት ክልክል ነው። በየቀኑ በብስክሌት የምትሻገረው ድልድይ በአንዴ ሕገወጥ ይሆናል። አባቷ ልጆቹን ማብላት ስላለበት መሥራቱን ይቀጥላል፣ ይያዛል፣ ይታሰራል። የዩኒቨርሲቲው ነገር ያበቃለታል። የሱቁ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ፈቃድ የሌላትን ልጅ ሊያሠራ አይችልም። በፊልሙ ውስጥ ቀንደኛ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም ይቅርታ እየጠየቀ በሩን ይዘጋባታል።

ማን ይጫወት?

ዳይሬክተሯ ኤማ ካዋዋዳ ትባላለች። አባቷ እንግሊዛዊ ናቸው፣ እናቷ ጃፓናዊት። ዳይሬክተር ሂሮካዙ ኮሬኤዳ ባሉበት ቡንቡኩ በተባለው የፊልም ሠሪዎች ቡድን ውስጥ ነው የሠራችው። ይህ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ ነው። መነሻ የሆናት ከአይሲስ ጋር ይዋጉ የነበሩ የኩርድ ወጣት ሴቶች ፎቶግራፍ ነበር። ኩርዶች ማን እንደሆኑ ስታጣራ፣ ከቶክዮ ማዶ እንደሚኖሩ አወቀች። ሄደች፣ ቤተሰቦችን አነጋገረች፣ የሰማችውን ይዛ ስክሪፕቱን ጻፈች።

መጀመሪያ ያሰበችው ኩርዶች ራሳቸው እንዲተውኑ ነበር። የተወችው የሚደርስባቸውን አስባ ነው። አብዛኞቹ ማመልከቻቸው ገና በሂደት ላይ ነው። በፊልሙ መታየታቸው ጉዳያቸውን ሊያበላሽባቸው ይችላል።

ሥጋቱ ከየት እንደሚመጣ ለማየት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ጃፓን ውስጥ ማመልከቻው የወደቀበት ሰው የመጨረሻ ተስፋው የፍትሕ ሚኒስትሩ የሚሰጠው ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ይህ መብት ሆኖ የሚጠየቅ ነገር አይደለም፤ በባለሥልጣኑ ፈቃድ የሚሰጥ ነው። እንዲህ ባለ አሠራር ሰው ምንም ነገር እንዳይቆጠርበት ይጠነቀቃል። ፊልሙ ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚሠራ አባትና ያለ ፈቃድ ክፍለ ሀገር የምትሻገር ልጅ ያሳያል። ለትወና የሚከፈል ገንዘብም ያው የሥራ ክፍያ ነው። ሥራ የተከለከለ ሰው ያንን ገንዘብ እንዴት ይቀበል? ቀረጻው ቶክዮ ከሆነስ ለየቀኑ ፈቃድ ሊጠየቅ ነው? ቱርክ ውስጥ የቀሩ ዘመዶችም አሉ። ፊልም እንደሆነ ድንበር አያግደውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሮቢንን ሚና የሚጫወተው ትንሽ ልጅ ነው። አዋቂ ሰው አደጋውን አውቆ ሊገባበት ይችላል። ሕፃን ልጅ ግን የቤተሰቡን ጉዳይ ሊያበላሽ የሚችል ነገር ላይ እንዴት አድርጎ ይስማማል? እዚህ ላይ ካዋዋዳ ትክክል ነበረች ብዬ አምናለሁ።

ሳርያን የተጫወተችው ሊና አራሺ ናት። ከዚያ በፊት የምትታወቀው በፋሽን ሞዴልነት ነበር፤ ፊልም የመጀመሪያዋ ነው። የጃፓን፣ የጀርመን፣ የኢራን፣ የኢራቅና የሩሲያ ዝርያ አላት። የፊልሙን አባት፣ እህትና ወንድም የተጫወቱት ደግሞ የሊና እውነተኛ አባት፣ እህትና ወንድም ናቸው።

ይህ ውሳኔ ፊልሙን አድኖታል ብዬ ነው የማስበው። አንድ ገበታ ከብበው ሲበሉ ማንም ትወና አያስታውስም። እህትማማቾች ሲኳረፉ፣ ትንሹ ልጅ አባቱ ላይ ሲደገፍ፣ በልምምድ የማይገኝ መላመድ ይታያል። አባትየው ሙያተኛ ተዋናይ አይደሉም። ዝምታቸው ግን ከባድ ነው። እስር ቤት በመስታወት ተጋርደው ከልጃቸው ጋር ሲነጋገሩ፣ እውነተኛ አባትና ልጅ መሆናቸውን እያወቅን ማየቱ ልብ ይነካል።

ካዋዋዳና አራሺን የሚያገናኝ ሌላ ነገርም አለ። ሁለቱም ጃፓን ውስጥ እየኖሩ በመልካቸው ምክንያት «ከየት ነሽ?» ሲባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ይህንንም በቃለ መጠይቆቻቸው ተናግረዋል። ሳርያ ስትፈራና ስትዋሽ የምናየው ከውጭ የተጠና ብቻ አይደለም። ግማሹ ከራሳቸው ሕይወት የመጣ ነው። ግማሹ ብቻ! አራሺ ፓስፖርቷን የሚቀማት የለም። ሳርያ ግን በአንድ ደብዳቤ ሁሉን ነገር ታጣለች። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የሚያስቸግረኝ

መጀመሪያ ቋንቋው። ተዋንያኑ የኩርድኛውን ንግግር ለፊልሙ ብለው ነው ያጠኑት። ለጃፓን ተመልካች ልዩነቱ አይሰማውም። ለኩርድ ጆሮ ግን ሌላ ነው። ቱርክ ውስጥ በኩርድኛ ማሳተም እስከ 1991 ድረስ በሕግ የተከለከለ ነበር። እንዲህ የተረገጠ ቋንቋ በመጨረሻ ትልቅ ስክሪን ላይ ሲወጣ፣ በተማረ አፍ መውጣቱ ቅር ቢያሰኝ ተገቢ ነው። በውጭ ፊልም ውስጥ የተሰባበረ አማርኛ ሰምቶ የተሳቀቀ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። «መልኩ ከዚያ አካባቢ ከሆነ ይበቃል» የሚል አስተሳሰብ እንዳይለመድም እፈራለሁ። ኢራናዊ፣ ዓረብ፣ ኩርድ፣ ቱርክ፣ ሁሉም አንድ አይደሉም። ኩርዶች ደግሞ ለዘመናት የታገሉት ከሌላው ጋር እንዳይደባለቁ ነው።

ሁለተኛው ሶታ ነው። ፊልሙ የጃፓን ተመልካች የሚገባበት በር ፈልጎ ጥሩ ልብ ያለው ጃፓናዊ ልጅ አስቀመጠ። መንገዱ የታወቀ ነው። የስደተኛዋን ልብ የምናየው በአገሬው ልጅ ዓይን ነው። ግን ካዋዋዳ አንድ መልካም ነገር አድርጋለች። ሶታ ሳርያን አያድናትም። ያዝናል፣ ይሞክራል፣ አቅም የለውም። ፍቅር ወረቀት አይሆንም። ፊልሙ ይህን ሳይሸፋፍን ተናግሯል።

ሦስተኛው የኩርድ ማኅበረሰቡ አሳሳል ነው። ሰርግ አለ፣ ሂና አለ፣ ሳርያን ለአንድ ኩርድ ወጣት የማጨት ነገር አለ። ይህ እውነት ነው፣ በየስደተኛው ቤት ያለ ግፊት ነው። ሆኖም ስለ ኩርዶች ምንም የማያውቅ ተመልካች የሚያየው የመጀመሪያ ፊልም ይህ ከሆነ፣ ባህላቸው ልጅቷን የሚያስጨንቅ ነገር ብቻ ሊመስለው ይችላል። ሰዎቹ ለምን ከቱርክ ሸሹ የሚለውም ስስ ሆኖ ቀርቷል።

በሌላ በኩል ሳርያ መልአክ ሆና አለመሳሏ ደስ ብሎኛል። ትዋሻለች። ብር ሲቸግራት ከአንድ አዋቂ ወንድ ጋር ለክፍያ እስከ መቀመጥ ትደርሳለች። ስለ ስደተኛ የሚሠራ ፊልም ብዙ ጊዜ ባለታሪኩን ያለ እንከን ያደርገዋል። ሰው መብቱን የሚያገኘው ጨዋ ስለሆነ ነው የሚል ነገር ይመስላል። ሳርያ ስታጠፋም ከጎኗ ነን። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፊታቸውን ያሳዩት

ከዚህ ፊልም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2021፣ «ቶክዮ ኩርድ» የሚል ዘጋቢ ፊልም ወጥቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ፉሚያሪ ሂዩጋ ነው። በእሱ ውስጥ ሁለት ኩርድ ወጣቶች በራሳቸው ፊትና በራሳቸው ድምፅ ይታያሉ። ልጅ ሆነው የመጡ፣ ፈቃድ የሌላቸው፣ ሕልም ያላቸው። አንድ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ወደ ሌላ አገር ሂዱ ሲል በድምፅ ይሰማል። ያንን ድምፅ በትወና ማምጣት ይከብዳል።

ታዲያ ዘጋቢው ፊልም ከቻለ ድራማው ለምን አልቻለም? ልዩነቱ ለእኔ ግልጽ ነው። በዘጋቢው ፊልም ወጣቶቹ የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ጉዳይ ነው፤ መናገራቸው ራሱ መከላከያ ሊሆናቸው ይችላል። በድራማው ግን የሌላ ሰው ጥፋት በእነሱ ፊት ላይ ይለጠፍባቸዋል። በሰፈራቸው የሚያውቃቸው ሰው ስክሪኑ ላይ ሲያያቸው የቱ ትወና፣ የቱ እውነት እንደሆነ አይለይም። ለዚህ ነው ሁለቱን ፊልሞች አብሮ ማየት የሚመከረው። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ፊልሙ የወጣበት ወቅት ራሱ ብዙ ተናግሯል። ከማርች 2022 ጀምሮ ጃፓን የዩክሬን ሰዎችን በፍጥነት ተቀበለች፤ በዚያው ዓመት ከ2,000 በላይ ገቡ። ቪዛ ተመቻቸላቸው፣ ሥራ ተፈቀደላቸው። በሕጉ ስደተኛ አልተባሉም፣ ግን በሩ ተከፍቶላቸዋል። ካዋጉቺ ያሉት ይህን እያዩ ነበር።

ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከገባ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሜይ 20 ቀን፣ የሳፖሮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለአንድ የቱርክ ኩርድ ፈረደለት። መንግሥት ይግባኝ አላለም። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሰውየው ስደተኛ መሆኑ ታወቀ። ከቱርክ ኩርዶች የመጀመሪያው ነው። ፊልሙ ይህን አመጣ አልልም፤ የጠበቆች የብዙ ዓመት ልፋት ነው።

በጁን 2023 ሕጉ ጠበቀ። ከሦስተኛ ማመልከቻ ጀምሮ ያለ ሰው፣ በቂ አዲስ ምክንያት ካላቀረበ፣ ጉዳዩ እየታየም ቢሆን ሊባረር ይችላል። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የፍትሕ ሚኒስትሩ ፈቃድ ለሌላቸው ልጆች ከነቤተሰባቸው ልዩ ፈቃድ እንሰጣለን አሉ። መስፈርቱ ግን ጃፓን ውስጥ ተወልደው እዚያው ለሚማሩ ልጆች ነው። እንደ ሳርያ በእናት በአባቱ እጅ ተይዞ የመጣ ልጅ በመርሁ አልተካተተም። በፊልሙ መጨረሻ አባቷ የሚያደርገው ነገር እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። እሱ ወደ ቱርክ ቢመለስ ለልጆቹ ፈቃድ ሊሰጣቸው ይችላል ብሎ ራሱን ይሠዋል። ከጸሐፊዋ ጭንቅላት የወጣ ብቻ አይደለም፤ ወላጆች አገር ለቀው ልጆች የቀሩበት ውሳኔ ጃፓን ውስጥ ነበር።

ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በካዋጉቺ ኩርዶች ላይ የጥላቻ ዘመቻ ተነሣ። በኢንተርኔት ፎቷቸው ይሰራጫል፣ ይሰደባሉ። ሰልፈኞች ሰፈራቸው ድረስ እየመጡ ውጡ ይሏቸዋል። በኖቬምበር 2024 የሳይታማ ወረዳ ፍርድ ቤት ከኩርዶች የባህል ማኅበር ቢሮ በ600 ሜትር ክልል ውስጥ የጥላቻ ሰልፍ እንዳይደረግ እግድ አወጣ። አሁን ይህን ይዘን ወደ ተዋናይ መረጣው እንመለስ። ማዝሉምን፣ አሪንን፣ ሮቢንን እውነተኛ የካዋጉቺ ኩርዶች ተጫውተዋቸው ቢሆን ኖሮ፣ ዘመቻው ሲጀመር ስማቸውም ፊታቸውም ለሁሉም የታወቀ ይሆን ነበር። ትንሹ ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው በዚያ ፊት ነው።

ስለዚህ ለመሪዎቹ ሚናዎች ካዋዋዳ የወሰደችው ውሳኔ ልክ ነበር እላለሁ። ግን ሁሉም ኩርድ ወረቀት የለውም ማለት አይደለም። ጃፓናዊ አግብተው ሕጋዊ መኖሪያ ያገኙ አሉ። የንግድ ሥራ ፈቃድ ይዘው የሚኖሩም አሉ። እነዚህ ሰዎች በስክሪፕቱ፣ በቋንቋው፣ በትንንሾቹ ሚናዎች፣ ስማቸው ተጽፎና ተከፍሏቸው መግባት ይችላሉ። ቀጣዩን የኩርዶች ድራማ ጃፓን ውስጥ የሚሠራ ሰው ኦዲሽን ከመክፈቱ በፊት ከአንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ቁጭ ብሎ፣ ማን ያለ ሥጋት ሊሳተፍ እንደሚችል በስም በስም ይለይ።